ዌድነስዴይ ይሉኝ ነበር

ባለፈው ረቡዕ ሮተርዳም ደቡብ፣ አፍሪካንደርፕላይን ገበያ ውስጥ ጎመን ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ሃው ማች ዚስ ታዌል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። የያዝኩት ጎመን ከእጄ ወደቀ። ዞሬ ሳላይ ማን እንደሆነች ዐውቄያታለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ ነበር፤ ድምፁ እንደ እኔው አርጅቷል፣ ሻክሯል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቃሉ ግን አላረጀም። ፎጣን እንደዚያ አድርጎ፣ መሀሉን እንደ ላስቲክ ስቦ፣ መጨረሻውን ጉሮሮው ውስጥ አስቀርቶ የሚጠራ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሦስተኛ ፎቋ ማሪያ።

«ሰርድ ፍሎር!» ብዬ ተጣራሁ፣ ጀርባዬን እንደሰጠኋት።

ወዲያው «ሊኔን? ሊኔን! ዩ አላይቭ?» የሚል ጩኸት ገበያውን አናወጠው።

ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈን ስንጮህ ፎጣ ሻጩ ወጣት ግራ ገብቶት ቆመ። ስሜ ሊኔን አይደለም፤ ብርቅነሽ ነው። ግን በዚያ ዘመን አብረን በምንሠራበት ሆቴል፣ በስልክ ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ በቦታው ነው። እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ የአንሶላና የፎጣ ክፍል፣ ማለትም ሊነን። ዛሬ ሁለታችንም ደች እንችላለን፤ ልጆቻችንም የሚቆጡን በደች ነው። እርስ በርሳችን ግን ያንኑ የሆቴል እንግሊዝኛችንን ከሳጥን እንደ ወጣ የድሮ ቀሚስ አራገፍነው። ትንሽ ጠቦናል እንጂ አልተቀደደም።

ያ ገበያ ያን ጊዜም ነበር። የመጀመሪያ ካፖርቴን የገዛሁት ከዚያ ነው፤ ቡናማ፣ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ፣ አሥራ አምስት ጉልደን። ሁለት ሰው ይይዛል። ዘመኑ የትከሻ ዘመን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ እንደ ወታደር ትከሻውን አስፍቶ፣ ጸጉሩን እንደ በግ ጸጉር አስጠቅልሎ ይሄዳል። ፓታት የሚሉት የድንች ጥብስ በወረቀት ተጠቅልሎ አንድ ጉልደን ከሃምሳ ነበር። ማዮኔዙን መጀመሪያ ቀን በሹካ ጠርጌ ጣልኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ጨምሩልኝ ማለት አምሮኝ፣ አፌ እንቢ ብሎኝ፣ በጣቴ እያሳየሁ አስጨመርኩ። ኒውወ ቢነንወኽ ከሚባለው መንገድ ጥግ ላይ ሸክላና ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ መንገደኛውን ሁሉ ያወዛውዘዋል። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን አንድ ሁለት ትራም አሳልፌ እቆማለሁ። የዘፈኖቹ ቃል አይገባኝም። ግን አንዱ ዘፋኝ «ላቭ» ሲል፣ ሌላው «ሎቭ» ሲል፣ አንዷ ደግሞ «ላአፍ» እያለች ስታቃስት እሰማለሁ። ሰው ሁሉ ስለ አንድ ነገር እየዘፈነ በአንድ ዓይነት አፍ እንደማይጠራው ልብ ያልኩት እዚያ ጥግ ላይ ነው።

ልብ ማለት ሌላ፣ መናገር ሌላ። ከእኔ አፍ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣም ነበር። ዐይነ አፋርነት ከእናቴ ነው የወረስኩት፤ ዝምታውን ያተመብኝ ግን አምስተርዳም ነው።

እሑድ እሑድ ያገሬ ልጆች አምስተርዳም፣ ቤይልመር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ፣ ዩኒቨርሲቲ የረገጡ። እኔ ከሞጣ፣ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። የእነሱ ጨዋታ እንግሊዝኛ ነበር። ደረጀ የሚባለውን አሜሪካዊ አስተምሮታል፤ የጊዜ ሰሌዳን «ስኬጁል» ይላል፣ ውሃን ደግሞ «ዋረር» ይላል። ሌላውን ህንዳዊ አስተምሮታል፤ «ሼጁል» ይላል፣ ት ስትመጣበት ምላሱን ወደ ላንቃው ያጥፋታል። በዚህች አንዲት ቃል ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ። «ያንተ እንግሊዝኛ እኮ ማስቲካ እየታኘከ የሚወራ ነው!» ይላል አንዱ። «ያንተስ? ድንጋያማ መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ!» ይላል ሌላው። እኔ ሰሃን እያቀረብኩ እስቃለሁ። አንድ እሑድ ታዲያ ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ብርቄ፣ ኋት ዴይ አር ዩ ፍሪ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራ የማልገባበትን ቀን ነው የሚጠይቀኝ። ገብቶኛል። ቀልቤን ሰብስቤ፣ መምህራችን እንዳስተማረን አድርጌ፣ «ዌድነስዴይ» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ዌድ—ነስ—ዴይ! አንዲት ፊደል እንኳ አላስተረፈችም!»

«ንፉግ አይደለችማ፣ ለሁሉም ታካፍላለች!»

«ሐሙስንስ በናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ?» አለ ደረጀ፣ እንባውን እየጠረገ።

በክፋት እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ ሳቅ የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ሰው ባገኘው ነገር ይስቅ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ተቀየረ። በሩን ስከፍት፣ እሑድ ቀን፣ «ዌድነስዴይ መጣች!» ይሉኛል።

የሞጣው መምህራችን እንግሊዝኛን እንደ አማርኛ ነበር የሚያነበው። የተጻፈ ፊደል ሁሉ ድርሻውን ያገኛል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ፊደል እሱ ዘንድ የለም። ቀኖቹን በጠመኔ ጽፎ፣ በአለንጋው ጫፍ ሰሌዳውን እየነካ ያስጮኸን ነበር። «መንዴይ! ቱስዴይ! ዌድ—ነስ—ዴይ!» ረቡዕ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ሦስት ጊዜ ይመታል። ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ የምትለው ታናሽ እህቴ ሙሉ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ፣ የራሷን ትምህርት ትታ፣ ከእኛ ጋር ትጮኽ ነበር። ሰው የሚያስቅ ነገር የተማርን መሆናችንን ማን ነግሮን!

የሆቴሉን ሥራ ያገኙልኝ ጋሽ ተስፋይ ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛን የለመዱት አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ነው፣ እንግሊዝኛን ደግሞ በልጅነታቸው አሥመራ ከእንግሊዝ ወታደሮች። ሆቴሉ ማስ ወንዝ አጠገብ ነበር፤ የሚያርፉበት መርከበኞች ናቸው። ጋሽ ተስፋይ ምድር ቤት የማሞቂያውን ማሽን ይጠብቃሉ፤ እኔ እዚያው ምድር ቤት ከሞሮኳዊቷ ፋጡማ ጎን ቆሜ አንሶላ እተኩሳለሁ። ከእኛ በመስታወት የተከፈለ አንድ ክፍል ነበር። ሜቭራው ሄኒ፣ በእኛ አባባል ወይዘሮ ሄኒ፣ አንሶላውንና ፎጣውን ደርድረው ስልክ ይዘው ይቀመጡበታል። ከየፎቁ የጎደለውን በስልክ ይጠይቋቸዋል፣ እሳቸው በአሳንሰር ይልካሉ። ሁላችንም ከሌላ ሌላ አገር ስለመጣን፣ ደችም ገና ስላልገባን፣ የሥራው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። በመካከላችን ግን አንድም እንግሊዛዊ የለም።

ሜቭራው ሄኒ ጆሯቸው ስለሚደክም ስልኩ ድምፅ ማጉያ ነበረው። ከየፎቁ የሚባለው ሁሉ እኛ ጋ ይሰማል። እኔ ለአንድ ዓመት ያህል ከ«የስ» እና ከ«ኦኬ» በቀር አልተነፈስኩም፤ ሰማሁ ብቻ። ከዚያ ደብተር ገዛሁና የሰማሁትን በፊደላችን መጻፍ ጀመርኩ። ፊደላችን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ አፍ ያወጣውን ሁሉ ሳያማርጥ ይቀበላል። ለአንድ ዕቃ አንድ ገጽ። የትራስ ገጽ ላይ ፋጡማ «ቢሎ»፣ ማሪያ «ፒሎው»። የካውያ ገጽ ላይ ፋጡማ «አይሮን»፣ ጋሽ ተስፋይ «አየን»። ውሃ ላይ ማሪያ «ዎተራ»፣ ፋጡማ «ዋትር»፣ ሜቭራው ሄኒ «ዎተር»፣ ጋሽ ተስፋይ «ዎታ»። መጀመሪያ ላይ አንደኛው የፈላ ውሃ፣ አንደኛው ቀዝቃዛ፣ አንደኛው የመጠጥ መስሎኝ በየጎናቸው ጥያቄ ምልክት አድርጌ ነበር። ከሁሉ የምወደው የሜቭራው ሄኒን አልጋ ነው፤ ደቾች መጨረሻውን ስለሚያጠብቁት «ቤት» ይሉታል። «ቱ ቤት፣ ሩም ተን» ሲሉ፣ ለእኔ፣ የኪራይ ቤት ተመዝግቤ ተራ ለምጠብቀው፣ ሁለት ቤት ያደሉኝ ይመስለኝና ካውያዬን ይዤ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ተስፋይ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ አገኙትና መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት።

«እንዴ ጓለይ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው።

«እንግሊዝኛ ነው፣ ጋሼ።»

«ለአንድ ውሃ አራት ስም?»

«ትክክለኛውን ስላላወቅኩት ሁሉንም ያዝኩት።»

ሳቃቸው የማሞቂያውን ጩኸት አስናቀ። «ትክክለኛውማ የኔ ነው! ከእንግሊዝ ወታደር አፍ ነው የወሰድኩት!» ቆየት ብለው ግን መነጽራቸውን አወለቁ። «ትክክለኛ ሆኖ ምን አደረገልኝ? እኔ ዎታ ስል ፋጡማ ሁለቴ ሳታስደግመኝ አትሰጠኝም። አንቺ ግን ሁላችንንም በአንዴ ትሰሚያለሽ ማለት ነው?»

«እሰማለሁ። መናገሩ ነው እንጂ።»

«እሱ ደግሞ ይመጣል» አሉና ደብተሩን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

በዚያ ክረምት ሜቭራው ሄኒ ጡረታ ሊወጡና ዛንዳም ካለችው ልጃቸው አጠገብ ሊኖሩ መሆኑ ተሰማ። ወንበራቸውን ተመኘሁ። እህቴ ሙሉ ካርቱም ናት፤ አገር ሲረበሽ አብረን ወጥተን እኔ ቀደምኳት። በስስ ሰማያዊ ወረቀት የምትጽፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የሚያልቁት፤ «መቼ ነው የምመጣው?» እሷን ለማምጣት ቋሚ ሥራና ቤት ያስፈልጋል ተብያለሁ። የእኔ ሥራ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ነው፣ የመስታወቱ ክፍል ሥራ ግን ቋሚ። ያቺን ወንበር ባገኝ ሙሉን አገኘኋት ማለት ነው። ወንበሯ ደግሞ ስልክ ማንሳት ትፈልጋለች።

ሥራ አስኪያጁ ጥሩ እንግሊዝኛ የምትናገር ሴት ፈለጉ። አንዲት ከኮሌጅ የወጣች፣ ለንደን የኖረች የደች ልጅ ቀጠሩ። አነጋገሯ ራዲዮ ነው! ስትናገር ካውያዬን አቁሜ እሰማታለሁ፤ የእሷን ቃላት በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፍኳቸው። ችግሩ መስማቱ ላይ ነበር። ማሪያ ትደውላለች፤ «ፓርደን?» ትላለች ልጅቷ። ማሪያ ትደግማለች። «ሶሪ፣ ፓርደን?» ከአራተኛ ፎቅ ይደውላሉ፤ «ፓርደን?» እስከ ምሳ ድረስ ፎቁ ሁሉ ያለ ፎጣ ተቀመጠ፣ ፋጡማም «ፓርደን» የሚል ስም አወጣችላት። በሦስተኛው ቀን ሳትመጣ ቀረች። ሜቭራው ሄኒ እያጉረመረሙ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ።

በሳምንቱ፣ መንገዱ በረዶ በጋገረበት ጠዋት፣ ሜቭራው ሄኒ ከብስክሌታቸው ወድቀው እግራቸው በጀሶ ታሰረ። ያን ዕለት ደግሞ የአንድ መርከብ ሠራተኞች ወጥተው የሌላው ሊገቡ ነው። የመስታወቱ ክፍል ስልክ ጮኸ። ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ፋጡማ አየችኝ። እኔ አንሶላውን አየሁ። ጋሽ ተስፋይ ከማሞቂያው ክፍል ወጡ።

«አንሺው እንጂ!»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

«ደብተሩን ማን ነው የጻፈው? እኔ ነኝ? አንሺው ጓለይ፣ ሰዎቹ ራቁታቸውን ይውላሉ!»

አነሳሁት። ማሪያ ናት። አሥራ አንድ ታዌል፣ ስድስት ፒሎው፣ ለአንድ ክፍል ብርድ ልብስ። «ኦኬ» አልኩና ላክሁ። አራተኛ ፎቅ ደወለ፤ «ኦኬ»፣ ላክሁ። ሁለተኛ ፎቅ፤ «የስ»፣ ላክሁ። ከአንዱም ጋር አንድም ቃል አላስደገምኩም። የማየው ደብተሩን አልነበረም፤ ለካ ደብተሩ ከገባኝ ቆይቷል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ አሳንሰሩ እንደ ሙክት ጠግቦ እየወጣ ባዶውን ይወርድ ነበር፣ ፋጡማም እየዘፈነች ታጥፋለች።

ከሰዓት በኋላ ማሪያ እንደገና ደወለች። የሦስተኛ ፎቅ መጋረጃዎች ከእጥበት መቼ ይመለሳሉ? «ዌን?» አለችኝ። «ኦኬ» ብዬ የማልፈው ጥያቄ አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁት። ረቡዕ ነው። የቤይልመሩ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። በድምፅ ማጉያው ምድር ቤቱ ሁሉ ይሰማል።

«ሃሎ? ሊኔን? ዌን?»

የሙሉ ደብዳቤ የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር። «መቼ ነው የምመጣው?» የሚለው። ዐይኔን ጨፈንኩ።

«ዌድነስዴይ» አልኩ፣ ፊደል ሳላስቀር።

«ኦኬ ሊኔን። ዌዥኔዝዴ» አለች ማሪያ፣ በራሷ አፍ፣ ዘጋችውም። በቃ። ጣሪያው አልወደቀም። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደወሉና ይህንኑ ጠየቁ፤ ይህንኑ መለስኩ። «ወንስደይ፣ ጉት» አሉኝ፤ ጥሩ ማለታቸው ነው። ያን ቀን ደብተሬን ገልጬ አዲስ ገጽ ጀመርኩ። ከላይ ረቡዕ ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የማሪያን፣ የሥራ አስኪያጁን፣ በመጨረሻም ለመጀመሪያ ጊዜ የብርቅነሽን።

ባለፈው ረቡዕ፣ ገበያው ጥግ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ይዘን ስንበላ፣ ማሪያ አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። «ፓርደን» ካስደገመቻት በኋላ ስልክ ፈርታ ነበር። ከመደወሏ በፊት የእንግዳ ክፍል መስታወት ፊት ቆማ «ታዌል፣ ታዌል» እያለች ትለማመድ ነበር። «አንቺ ስታነሺው ግን» አለችኝ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ እላለሁ፣ ፎጣው ይመጣል። ያን ቀን አለቀስኩ እኮ።» ያን ሁሉ ዘመን እኔ እሷን ፈርቼ፣ እሷ መስታወቱን ፈርታ!

ሜቭራው ሄኒ በምርኩዝ ሲመለሱ ወንበራቸው ላይ አልተቀመጡም። «ዚስ ኢዝ ሃር ፕሌስ» አሉ ለሥራ አስኪያጁ። ቋሚውን ውል በፈረምኩ በሳምንቱ ጋሽ ተስፋይ ክራባት አስረው እስከ ሄግ ሸኙኝ። የሙሉን የመግቢያ ማመልከቻ የተቀበለችን ሴት «ፎር ዩር ሲሽተር?» አለችኝ። «ፎር ማይ ሲስተር» አልኳት፣ ሳልንተባተብ። በባቡር ስንመለስ ጋሽ ተስፋይ ክራባታቸውን ፈትተው መስኮቱን እያዩ፣ «ሲሽተር፣ ሲስታ፣ ሲስተር፤ የመጣችው ትምጣ ብቻ» አሉ።

መጣች። በሚቀጥለው የጸደይ ወራት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ስኺፖል አውሮፕላን ማረፊያ። ሎሚ የምትመስል ትንሽ አሮጌ መኪና የነበረው ደረጀ፣ «ዌድነስዴይ፣ እህትሽን በባቡርማ አትወስጂያትም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሙሉ ቀጥናለች፣ ረዝማለች፤ ፕላስቲክ ከረጢት ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ስንላቀስ ቆየን። መኪናው ውስጥ ስንገባ ልቅሶዋ በአንዴ ቆመና በኩራት፣ «እታለም፣ በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ እኮ! መለስኩላቸው!» አለችኝ።

«ምን ብለው?»

«ካርቱምን መቼ ለቀቅሽ አሉኝ። ዌድነስዴይ! አልኳቸው።»

እንዳለ ነበር፤ ዌዱ፣ ነሱ፣ ዴዩ፣ ከነሰሌዳው ድምፅ። ደረጀ መሪውን እንደያዘ በመስታወቱ አየኝ። እኔም አየሁት። ከንፈሩን ነከሰ፣ መንገዱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልክ ነሽ ሙሉዬ» አላት። «ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ሐሙስን በናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ?»

ሙሉ ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ት—ሁርስ—ዴይ!»

ደረጀ መኪናውን ዳር አስያዘ። ሳቁ እስኪያልፍለት ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። እኔ የሳቅሁት ከእሱ በልጦ ነው፤ ሙሉ ግን ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሱን ታያለች። በመጨረሻ ዐይኑን ጠረገና ወደ ኋላ ዞረ።

«እስቲ ከሰኞ ጀምሩልኝ» አለ።

ጀመርንለት። ሁለታችንም፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ በመካከላችን የጭቃ ግድግዳ ሳይኖር። ረቡዕ ላይ ስንደርስ ደረጀ የመኪናውን ክላክስ ሦስት ጊዜ መታ።